ሰፊውን ቶሎ ላኪልኝ

ጂንካ ውስጥ ካሜራ የገዛ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ፎቶ ቤቴ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ስልኩን አውጥቶ የሁለት ሌንስ ምስል ያሳየኛል፤ ሃያ አራት ሚሊሜትሩን ልግዛ ወይስ ሰላሳ አምስቱን ይለኛል። ሁለቱም ሰፋ አድርገው የሚያዩ፣ ሁለቱም ዙም የሌላቸው ናቸው። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልክድም። መጀመሪያ በያዝከው መች ጠግበህ አነሳህና ብዬ እቆጣዋለሁ። ከዚያ ሻይ አዝዝለትና ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የአንድ ቤተሰብ ፎቶ አሳየዋለሁ። ታሪኩ ረዘም ስለሚል ሻዩ ሁለት ይሆናል።

እነዚያ ሁለት ሌንሶች እኔም ነበሩኝ፤ አሁንም አሉ። ያገኘኋቸው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ከቱርሚ ሲመለስ መኪናው ተሰብሮበት ጂንካ ሳምንት ተቀመጠ፤ በመጨረሻ ካሜራውን ከነሌንሶቹ ለኔ ሸጦ በአውሮፕላን ሄደ። ያኔ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሃል ካለው ሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ ሲቃረብ ላሞቹን የሚያባርር ሳይረን ይነፋል። ፎቶ ቤቴ ከሜዳው ባሻገር ባለው የሱቅ ረድፍ ውስጥ ነበር፤ በግራዬ ጨው ሻጭ፣ በቀኜ ልብስ ሰፊ።

ልብስ ሰፊው የአሪ ሰው ናቸው፤ ከኔ በሃያ ዓመት ይበልጣሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ፎቶ» ይሉኛል። በቀን አሥር ቃል ከተናገሩ ብዙ ነው። ሥራቸውን ግን ቁጭ ብዬ ባየው አልጠግብም ነበር። አንድ ሰው በደጃፋቸው ሲያልፍ ትከሻውን በዓይናቸው ለክተው ይይዙታል። አንዴ ኦሞራቴ ለሚሠራ ሰው፣ ሰውየው ራሱ ሳይመጣ፣ ባለፈው ዓመት ሲያልፍ ባዩት ልክ ሱሪ ቆርጠው ላኩለት፤ ልክ ሆነለት። ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት ደግሞ ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ለምንድን ነው የሚለበሰው ይላሉ። ለሠርግ የሚሰፉትና ለእርሻ የሚሰፉት ኮት ብብቱ አንድ አይደለም።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። ዙም የሌለው ሌንስ ግትር ነው። እሱ ንቅንቅ አይልም፤ የምትንቀሳቀሰው አንተ ነህ። ፊቱን ማጉላት ካሻህ ትጠጋለህ፣ ብዙ ሰው ማስገባት ካሻህ ወደ ኋላ ትላለህ፤ ከኋላህ ግድግዳ ካለ አለቀልህ። ሰላሳ አምስቱ ሰውን እንዳለ ያነሳል። አፍንጫ አያስረዝም፣ ጉንጭ አይነፋም፤ ፊት ለፊት ቆመህ ያየኸውን ነው የሚሰጥህ። ሃያ አራቱ ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው፣ ያልጠሩትንም ያስገባል። ኮልቾ ሄደህ ከመንደሩ ጫፍ ቁልቁል ኦሞን ስታየው፣ ወንዙ የሚታጠፍበትን በሙሉ የሚይዝልህ እሱ ብቻ ነው። ሰላሳ አምስቱ ወንዙን ከወገቡ ይቆርጠዋል። እዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ ሃያ አራቱን ያመሰገንኩትን ያህል ሰውም አመስግኜ አላውቅም። በሆዴ ስም አወጣሁለት፤ «ሰፊው» አልኩት። ሚስቴ ግን አቧራ ስትጠርግ ቁመቱን አይታ «አጭሩ» ነበር የምትለው። እኔም አላረምኳትም። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

የሃያ አራቱ ጉድ የወጣው ሠርግ ላይ ነው። ዳር የቆመን ሰው ወደ ጎን ይጎትታል፤ ቀጭኑን ያሰፋል። የሙሽሪት አክስት ዘንካታ ሴት ነበሩ፤ ቦታ ጠበበና ዳር ቆሙ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሁለት ሰው አክለዋል። ይዘውት መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው በጣታቸው እየነኩ ይቺ ማናት አሉኝ። እኔ ሞኙ እርስዎ ነዎት አልኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ሆድ ይፍጀው። ወሬው ገበያውን ዞረ፤ ያ ፎቶ ቤት ሰው ያወፍራል ተባለ። የባሰው ደግሞ አንድ ከሲታ የቢሮ ጸሐፊ መጥቶ፣ ለእጮኛው ቤተሰብ የሚልከው ፎቶ ነውና እባክህ ዳር ላይ አቁመኝ ብሎ ለመነኝ። በገንሁ። ሃያ አራቱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ሁለተኛ በሰው ፊት አላወጣህም ብዬ ማልኩ።

በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ አንዲት ነርስ መጣች። ስትመረቅ ያነሳኋት ልጅ ናት፤ እዚሁ ጂንካ ትሠራለች። አባቷ ከከተማው በላይ፣ የአሪ ደጋ ላይ ባለ መንደር ተኝተዋል። ሳንባቸው ታሞ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ ብለው ሸኝተዋቸዋል። ልጆቻቸው ዘጠኝ ናቸው። ትንሿ ስትወለድ ትልቁ ለሥራ ኦሞራቴ ወርዶ ነበርና፣ ዘጠኙ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው አያውቁም። አሁን የአባታቸውን መድከም ሰምተው ሁሉም እየመጡ ነው፤ ነገ ይገናኛሉ፣ ከነገ ወዲያ በጠዋት ይበተናሉ። አባትየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘጠኙን ከራሳቸው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ማየት። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ማግስቱ የቅዳሜ ገበያ ነበር። ሽማግሌ ቤት ሲኬድ ደንብ አለው ብዬ የሠርጌን ኮት አወጣሁ። ሚስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ጠቦሃል አለች። አልጠበበኝም አልኩ። እስቲ ተንፍስ አለች። ተነፈስኩ፤ የኮቱ ቁልፍ ሊበጠስ ምንም አልቀረው። እንዳልሰማ ሆኜ ካሜራዬንና ሰላሳ አምስቱን ብቻ ይዤ ወጣሁ። ሃያ አራቱ መሳቢያው ውስጥ ቀረ፤ መሐላ መሐላ ነው። መኪናው እስከሚደርስበት ደርሼ የቀረውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት።

ቤቱ የእንጨትና የጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። አባትየው የተኙባት ክፍል ግን መዳፍ ታክላለች። አልጋቸው ከውስጠኛው ግድግዳ ተጠግቷል፤ በሩ በራስጌያቸው በኩል ነው፤ መስኮቷ ጭንቅላት አታሳልፍም። ልጆቹ በአልጋው ዙሪያ ቆሙ። ጀርባዬን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ባይ ስድስት ልጅ ገባ፣ ሦስቱ ከፎቶው ውጭ ቀሩ። ተንበረከክሁ፣ በርጩማ ላይ ወጣሁ፤ ሦስቱ ያው ውጭ ናቸው። አባትየውን ከነአልጋቸው ደጅ እናውጣቸው ስል ነርሷ አይሆንም አለች፤ ትናንት ለማጠብ ቀና ሲያደርጓቸው ትንፋሻቸው ተቋርጦ ቤቱ በለቅሶ ሊናወጥ ነበር። እንግዲያው ሁለት ፎቶ ላንሳ፣ ስድስቱን ባንዱ፣ ሦስቱን ባንዱ አልኩ። በአሪኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው የመለሱላትን እሷ ተረጎመችልኝ፤ ስድስትና ሦስትማ ዕድሜ ልኬን አይቻቸዋለሁ ነው ያሉት።

መሐላዬን ያፈረስኩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ጎረቤታቸው ለገበያ ወደ ጂንካ ሊወርድ ተነስቶ ነበር። እሱ እዚያው ሊያድር ነው፤ ግን ከሰዓት የምትመለስ መኪና ስላለች ዕቃውን በሷ ይልክልኛል። የፊልም ካርቶን ቀድጄ በጀርባዋ ለሚስቴ ጻፍኩ። ካርቶኗ ትንሽ ናት፣ እኔም ቸኩያለሁ። «ሰፊውን ቶሎ ላኪልኝ፤ ይሄኛው ጠበበኝ» ብዬ ሰጠሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እኔን ነው።

ጠበቅን። አባትየው ያንቀላፋሉ፣ ይነቃሉ፣ ዘጠኙን በዓይናቸው ይቆጥራሉ፣ መልሰው ያንቀላፋሉ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ከታች ሰው እየመጣ ነው ተባለ። ሮጬ ወጣሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ናቸው። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የመርፌና የክር ቦርሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው ዳገቱን ይወጣሉ። ሚስቴ ሌንሱን በሳቸው የላከችልኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸውም እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«በል ኮትህን አውልቅ» አሉኝ።

የምን ኮት ብላቸው ካርቶኗን አውጥተው ሰጡኝ። አነበብኳት። የራሴ እጅ ጽሕፈት ነው። በአፍ ቢሆን አንዱ ሰፊ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፤ ወረቀት ላይ ግን ሌንሱም ልብስ ሰፊውም ያው ሰፊ ናቸው። ሚስቴ ደግሞ ጠዋት ጠቦሃል ስትል እምቢ የተባለች ሴት ናት። «ይሄኛው ጠበበኝ» የሚለውን ስታነብ ፊቷ እንዴት እንደበራ አሁንም ይታየኛል። እሳቸውም የቅዳሜ ገበያቸውን ዘግተው መጡ። ቅዳሜ ለልብስ ሰፊ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎረቤቴ ሽማግሌ ቤት ኮቱ ጠቦት ተዋረደ ሲሏቸው ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

እኔ ግን ጨስኩ። ሚስቴን ሰደብኩ፣ ካርቶኗን ሰደብኩ፤ ምንም ያላደረጉትን ሰውዬ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጡ ብዬ ተናገርኳቸው። ዛሬም ያሳፍረኛል። መኪናዋ ከእንግዲህ አትመላለስም፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፣ ልጆቹ በጠዋት ይበተናሉ። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ስጨርስ፣ ኮትህ ካልሆነ ታዲያ የጠበበህ ምንድን ነው አሉ። ወደ ክፍሉ ይዣቸው ገባሁ።

መጀመሪያ ክፍሉን አላዩም። አባትየው አጠገብ ተንበርክከው እጃቸውን ያዙና በአሪኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ። የሳምንት ቃላቸውን እዚያ ሲጨርሱት ሰማሁ። ከዚያ ተነስተው እኔ ቆሜበት በነበረው ቦታ ቆሙ፣ የሚታየውን አዩ፣ ጀርባቸው ግድግዳውን ሲነካ ዞር ብለው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ።

«ልብስ ሲጠብ ሰውየውን አይቆርጡትም፣ ፎቶ» አሉኝ። «ይተረተራል።»

ግድግዳውን ማለታቸው ነው። ትልቁ ልጅ ደነገጠ፤ አባታቸው በሕይወት ተኝቶ ቤቱን አፈረሱበት ይሉናል አለ። እውነቱን ነው፣ አገር ይሰማል። አባትየው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ጋሼ ነገሯቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲበርድላቸው ጣታቸውን አነሱ። ቤቱን በእጃቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። የትኛው እንጨት ጣሪያውን እንደሚሸከም፣ የትኛው ጭቃ ለመያዝ ብቻ እንደቆመ አንድ በአንድ ያውቁታል። ያ ይቆይ፣ ያ ይውጣ እያሉ ከተኙበት አመለከቱ። ጋሼም በልብስ ጠመኔያቸው፣ ልክ ሱሪ እንደሚቆርጡ፣ ከአንዱ ወፍራም ቋሚ እስከ ሌላው ወፍራም ቋሚ ቀጥ አድርገው አሰመሩ።

ነርሷ አባቷን በአንሶላ ሸፈነች፤ አቧራ እንዳይነሳ ጭቃውን በውሃ አራሰችው። ወንዶቹ ከውጭ ሆነው ማገሩን በገጀራ ቆረጡ፣ ቀጫጭኑን እንጨት ነቀሉ፤ ሴቶቹ ጭቃውን አወጡ። ጋሼ መሃል ቆመው ቀስ፣ ቀስ፣ ጨርቁን እንዳትቀዱት ይላሉ። ድምፃቸውን አንዴም ከፍ አላደረጉም፤ ዘጠኝ ልጅና አንድ ቁጡ ፎቶ አንሺ እንደ መርፌ ክር ተከተልናቸው። እንደዚያ ቀን ሰው ያደነቅሁበት ቀን የለኝም።

ግድግዳው ሲወርድ የአሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ አልጋው ላይ ገባች። ነርሷ አንሶላውን ገለጠች። እኔ ወደ ኋላዬ ሄጄ፣ ሄጄ፣ ጓሮው ካለው እንሰት ውስጥ ቆምኩ። በሰላሳ አምስቱ ሳይ ዘጠኙም አባታቸውም ገብተዋል፤ ዳር የተጎተተ የለ፣ የወፈረ የለ፣ ሁሉም በልካቸው ናቸው። በሉ ወደዚህ እዩ ልል አፌን ስከፍት አባትየው ተናገሩ፤ ጋሼ ተረጎሙልኝ።

«ፎቶው ይቆይ። እንሰቴን ልይ።»

አልጋ ከያዙ ወራት አልፈዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በበሩ በኩል የሚታያቸው ማጀቱ ብቻ ነበር። እንሰቱን የተከሉት እሳቸው ናቸው። ፀሐይዋ እየወረደች እኔ እሾህ ላይ እንደቆመ ሰው ተቁነጠነጥኩ፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? አንድ በአንድ በዓይናቸው ዞሩት። አንዱ ጋ ሲደርሱ ቅጠሉ ጠውልጎ አዩና፣ ይህ እስከ ዛሬ ለምን አልተነቀለም ብለው ትልቁን ልጅ ተቆጡት። የኦሞራቴው ጎልማሳ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፋ። ቁጣቸውን የሰሙ ሁሉ ቀለል አላቸው፤ እኔንም ቀለለኝ።

አሁን አንሳ አሉ። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሳ ኮቴ ከጀርባዬ ጭርር ብሎ እስከ ወገቤ ተተረተረ። ዘጠኙም በአንድ ጊዜ ሳቁ። የካሜራውን ቁልፍ የተጫንኩት ያኔ ነው።

ወጣቶቹ ፎቶውን ሲያዩ ሁሉ ሰው ስቆ ሽማግሌው ብቻ ለምን ኮስተር ብለው ካሜራውን ያያሉ ይሉኛል። ካሜራውን አያዩም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያንን የጠወለገ እንሰት ነው የሚያዩት። እንግዲህ ምን ትመክረናለህ ካሉኝ ሰላሳ አምስቱን እላለሁ፤ ሲጠብህ ሌላ ሌንስ ከመመኘትህ በፊት ከኋላህ ያለውን ግድግዳ ዞረህ እየው እላለሁ። ሃያ አራቱንም አልጠላሁትም። ኮልቾ ስሄድ ዛሬም እይዘዋለሁ።

ያን ቀን እዚያው አደርን። በጠዋት ጋሼ በፈረሰው ግድግዳ በኩል በገባው ብርሃን ኮቴን ሰፉልኝ፤ ሁለት ጣትም አሰፉት። ቤቴ ስደርስ ሚስቴ ሰፊው ደረሱልህ አለችኝ። ደረሱልኝ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ካርቶኗን ዛሬም ከፎቶው ሥር ለጥፌአታለሁ።

ፊልሙን አርባ ምንጭ ላክሁ፤ ያኔ የቀለም ፎቶ የምናሳጥበው እዚያ ነበር። ዝናቡ ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ። ፎቶው ሲደርሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ለነርሷ ልልክባት ስነሳ ራሷ መጣች፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። አባትየው የለመኑትን አንድ ወረቀት ሳያዩት ሄዱ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። በጥቁርና ነጭ ባነሳው ኖሮ እዚሁ ራሴ አትሜ በሁለት ቀን አደርሰው ነበር፤ ለሳቸው ቀለም ይገባቸዋል ብዬ ነው የዘገየሁት። እሷ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ ግድግዳውን እኮ ያኔ አልደፈንነውም አለችኝ። ሊደፍኑት ሲነሱ አባትየው ከልክለዋል። ሲመሽ ሰሌን ይሰቅሉበታል፣ ሲነጋ ይጠቀልሉታል። የደፈኑት ከቀብሩ በኋላ ነው።

ስትሄድ አንዱን ቅጂ ይዤ ወደ ጋሼ ሱቅ ገባሁ። የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። ፎቶውን ጨርቃቸው ላይ ዘረጋሁላቸው፤ በግራ ጠርዙ፣ ወፍራሙ ቋሚ ላይ፣ የሳቸው የጠመኔ ምልክት ይታያል፣ እሱን ላሳያቸው ብዬ ነው። ፎቶውን አላዩትም። ዓይናቸው ጥቁር ሻሽ አስራ በሜዳው ዳር የምትሄደውን ነርስ ይከተላል።

«እንሰቱን እስከ መጨረሻው አዩት?» አሉኝ።

«በየቀኑ» አልኳቸው።

«ደግ» አሉና እግራቸውን ወደ ፔዳሉ መለሱ።